ሕፃን በአደራ ከመቀበላችሁ በፊት ይህን ሥልጠና ውሰዱ፤ ወረቀቱን ግን እንዳለ አትመኑት

ኦንላይን የሚሰጥ ባለ ስድስት ክፍል ሥልጠና ነው። የተዘጋጀው ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ለሚቀበሉ የአደራ ቤተሰቦች፣ ማለትም የሌላ ሰው ልጅ ለጊዜው ተቀብለው ለሚያሳድጉ (ፎስተር ኬር) ሰዎች ነው። ሕፃኑ ሲመጣ እድገቱ የት ሊገኝ እንደሚችልና ከእሱ ምን መጠበቅ እንዳለብን ያስረዳል። እኔና ባለቤቴ ሦስቱን ክፍል ልጁ ከመምጣቱ በፊት ጨረስን። የቀሩትን ሦስቱን እሱን ታቅፌ፣ ድምፁን ቀንሼ፣ አንዳንዴም እያቋረጥኩ ነው ያየኋቸው። ስለዚህ የምጽፈው ትምህርቱን ከልጁ ጋር አስተያይቼ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ብቻውን ለሥልጠናው ጊዜ መስጠትን ያዋጣል። ስለ ዝምተኛ ሕፃን ነው። የኛ ልጅ ሰባት ወር ሆኖት ሲመጣ አያለቅስም ነበር። ቢርበውም፣ ቢረጥብም፣ ዝም። ጣሪያውን ያያል። የሚያየው ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ታድላችሁ!» ይለን ነበር። አሠልጣኟ ግን ቀድማ ነግራናለች፦ ደጋግሞ አልቅሶ የሚመጣለት ያጣ ሕፃን ማልቀሱን ሊተው ይችላል፣ ዝምታውን እንደ ጥሩ ጠባይ ቆጥራችሁ አትለፉት። ይህን ባልሰማ ኖሮ እውነት እላችኋለሁ ደስ ብሎኝ እተኛ ነበር። ስለዚህ ሳያለቅስ በየሰዓቱ እየሄድን ማንሳት፣ ጡጦውን ትራስ ላይ አስደግፈን ከመተው ይልቅ ራሳችን ይዘን ዓይን ዓይኑን እያየን ማጥባት፣ ፊቱን ቢያዞርም እያዋራነው መቆየት ጀመርን። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ቤቱን ቀውጢ አድርጎ ጮኸ። ባለቤቴ ከአልጋ ዘሎ ተነስቶ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ መጣሁ!» አለው። እኔ አለቀስኩ።

ከዚሁ ጋር ስለሚገፋ ሕፃን የተነገረው በጣም ጠቅሞናል። ሜሪ ዶዚየር የተባለች ተመራማሪ ስታጠና የኖረችው ነገር ነው፦ በአደራ የመጣ ሕፃን ሲያባብሉት ፊቱን ያዞራል ወይም ይገፋል፣ ያን ጊዜ አሳዳጊው ሳያውቀው «አይፈልገኝም» ብሎ መራቅ ይጀምራል፣ በዚህ መካከል ልጁ የሚፈልገውን ሳያገኝ ይቀራል። መፍትሔው ልጁ ባይጠይቅም መስጠት ነው። እሷ ያዘጋጀችው ፕሮግራም ባለሙያ አሥር ጊዜ ቤት ድረስ እየሄደ አሳዳጊውን እዚያው ከልጁ ጋር ሳለ የሚያሠለጥንበት ነው። የኛው ሥልጠና ቤት የሚመጣ ሰው የለውም። ይህ ይጎድለዋል፣ ግን ሐሳቡን በደንብ አስተላልፏል።

ማንም ሰው እጅ ላይ ያለ ልዩነት የሚሄድ ሕፃንም ተነስቷል። ሰው «ሰው አይመርጥም፣ እንዴት ደስ ይላል» ይላል። ከስድስትና ሰባት ወር ጀምሮ ግን ብዙ ሕፃናት የራሳቸውን ሰው ለይተው እንግዳ ሲያዩ ይሸሻሉ። ስለዚህ በአደራ የገባ ሕፃን ለእንግዳ ማልቀስ ከጀመረ ደስ ይበላችሁ፣ ሰው ለይቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ከሥልጠናው ጋር አንድ ወረቀት ይሰጣል፤ በየወሩ ምን መቻል እንዳለበት የተዘረዘረበት። ልክ ልጁ እንደመጣ ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። ለሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁበት! ወረቀቱ ሰባት ወር የሆነው ልጅ ይቀመጣል ይላል፤ የኛው ሲያስቀምጡት እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። የወር ዕድሜው የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ብቻ መስሎኝ ነበር። ልጁ ደግሞ ጊዜው ሳይደርስ፣ ስድስት ሳምንት ቀድሞ የተወለደ ነው። ሐኪሙ ጋ ስንሄድ ነው የገባኝ፦ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ ሲመዘን ቀድሞ የተወለደበት ሳምንት ይቀነስለታል። ስለዚህ የኛን ልጅ ማየት ያለብን እንደ አምስት ወር ተኩል ሕፃን ነው። በአደራ ከሚገቡ ሕፃናት ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ጥቂት አይደሉም። ይህን የሚያክል ነገር ወረቀቱ ላይ በአንድ መስመር እንኳ አለመኖሩ ያናድዳል።

ሁለተኛው ስሕተት ቁጥሮቹ ናቸው። ወረቀቱ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ወር ብቻ ያስቀምጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ያሉ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ ያወጣው ሰፊ መስኮት፣ ማለትም ከዚህ እስከዚህ የሚል የዕድሜ ክልል ነው፦ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ብቻውን መራመድ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር። ልዩነቱን አያችሁት? የኛ ልጅ ቀኑ ሳይቀነስለትም መስኮቱ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ በዘጠኝ ወሩ የማይድህ ልጅ ላይ ቀይ ምልክት አድርጉም ይላል። በዚያው ጥናት 4.3 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት በእጅና በጉልበት ሳይድሁ ነው የሄዱት። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ2022 ዝርዝሩን ሲያሻሽል መዳህን ጭራሽ አውጥቶታል። አሠልጣኟ በቃል ይህን ሁሉ ብታውቅም ወረቀቱ አያውቅም፤ ሌሊት ሲጨንቀን የምናየው ደግሞ ወረቀቱን ነው።

በዚህ ምክንያት ግን «ይደርሳል፣ ተዉት» የሚል ሰው አትስሙ። አሠልጣኟ እዚህ ላይ ጠንካራ ነበረች፣ እኔም እስማማለሁ። የመዘግየትን ምክንያት መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ሕፃን ቀኑን ሙሉ በጀርባው ተኝቶ ስለዋለ ነው አንገቱ ያልጸናው፣ ጭንቅላቱም ከኋላ ጠፍጠፍ ይላል፤ ለእሱ ነቅቶ ሳለ በሆዱ እያስተኙ ማጫወት ብዙ ይለውጣል (ለእንቅልፍ ሁልጊዜ በጀርባው ነው፣ ይህ አይቀየርም)። ሌላው በማሕፀን ሳለ ለአልኮል ወይም ለአደንዛዥ ዕፅ ተጋልጦ ይሆናል። ሌላው ጆሮው አይሰማ ይሆናል። እኛ ቤት ሆነን አንለየውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በአደራ የገባ ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ ምርመራ፣ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ሙሉ ምርመራ እንዲደረግለት ይመክራል። የትም ብትሆኑ ይህን ልክ ይዛችሁ ጠይቁ። በተለይ ይችለው የነበረውን ነገር ያጣ ልጅ ቀጠሮ ይጠብቅ አይባልም።

አራተኛው ክፍል ላይ አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። በሩማንያ፣ ቡካሬስት የተደረገውን ጥናት አነሱ፦ በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን በዕጣ ከፍለው ግማሾቹን ለአደራ ቤተሰብ ሰጡና ተከታተሏቸው። ወደ ቤተሰብ የገቡት በአእምሮ እድገታቸው ተሻሉ፣ ከሁለት ዓመታቸው በፊት የገቡት ደግሞ ይበልጥ። ትልቅ ጥናት ነው። አቀራረቡ ግን ሁለት ዓመት ላይ በር የሚዘጋ አስመሰለው። አብራን ትሠለጥን የነበረች አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጅ ልትቀበል ነበር፤ ካሜራዋን አጥፍታ ወጣች። ዘግይተው የገቡትም ከቤተሰብ ተጠቅመዋል፣ ያንን ጮክ ብለው ሊሉት ይገባ ነበር።

ስለ እንቅልፍ የተነገረው ጥቂት ነው፤ አምስተኛው ክፍል ደግሞ ብዙው ቅጽ አሞላል ስለሆነ በፍጥነት እለፉት።

ስድስተኛውን ግን እንዳትዘሉ። ስለ ማስታወሻ ደብተር ነው። ልጁ የሚበላውን፣ የሚያስቀውን፣ መጀመሪያ የተገለበጠበትን ቀን፣ ሁሉን ጻፉ ይላሉ፤ የወለደችው እናቱ ልትጠይቀው ስትመጣ ታሳይዋታላችሁ፣ ሲሄድም አብሮት ይሄዳል። መጀመሪያ ከበደኝ፣ ይህን ሁሉ የማየው እኔ ነኝ ብዬ። ስምንት ወር ከሃያ ቀኑ ላይ ምንጣፉ ላይ ብቻውን ተቀመጠ፣ ማንኪያ ይዞ። ጻፍኩት። በሚቀጥለው ጉብኝት እናቱ ገጹን ሁለቴ አነበበችው፣ ከዚያ ማንኪያው ምን ቀለም እንደነበር ጠየቀችኝ። አልጻፍኩትም ነበር። አሁን ቀለሙንም እጽፋለሁ።