ፊውዥን ወይስ ኒውራል ኔትወርክ? ለፕላዝማ ፊዚክስ ባለሙያ የቀረበ ንጽጽር

የፕላዝማ ፊዚክስ ባለሙያ በፊውዥን (የአቶም ኒውክሊየሶችን አዋህዶ ኃይል የማመንጨት ምርምር) ይቆይ ወይስ ወደ ኒውራል ኔትወርክ (ከዳታ የሚማር የኮምፒውተር ሞዴል) ሥራ ይዙር? በሁለቱ መካከል ዋናው ልዩነት የሙከራው ፍጥነት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በግንባታ ላይ ያለው ግዙፍ የፊውዥን ማሽን ኢተር (ITER)፣ በተከለሰው ዕቅድ መሠረት ምርምር የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2034 ነው። እንግሊዝ የሚገኘው የፊውዥን ማሽን ጄትም (JET) በ2023 በአንድ ሙከራ 69 ሜጋጁል አመንጭቶ በዚያው ዓመት ሥራውን አቆመ። ኒውራል ኔትወርክ ላይ ግን መጠነኛ ሞዴል ከሆነ ጠዋት የታሰበው ማታ ይፈተሻል።

ሞንቴ ካርሎ (በዘፈቀደ ቁጥሮች የማስላት ዘዴ)፣ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን፣ በብዙ ፕሮሰሰር ኮድ ማስኬድ፦ እነዚህ የባለሙያው ችሎታዎች ሁሉ ወደ ኒውራል ኔትወርክ ሥራም አብረው ይሻገራሉ። ከፎርትራን ወደ ፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ መዞሩም ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የዳታ አከፋፈል ነው። ፕላዝማው (በማሽኑ ውስጥ የተያዘው እጅግ የጋለ ጋዝ) በድንገት የሚፈርስበትን ጊዜ የሚተነብይ ኔትወርክ ሲሠለጥን፣ ከአንድ ሙከራ በሺህ የሚቆጠሩ የቅጽበት ልኬቶች ይገኛሉ። እነሱን በዘፈቀደ ቀላቅሎ ለሥልጠናና ለፈተና መክፈል ትልቅ ስሕተት ነው፤ የአንድ ሙከራ ልኬቶች በሁለቱም ወገን ስለሚገቡ ውጤቱ ያማረ ይመስላል፣ አዲስ ሙከራ ሲመጣ ግን ይወድቃል። መከፈል ያለበት በሙከራ ቁጥር ነው፤ ፈተናውን ከኋለኞቹ ወራት ሙከራዎች መውሰድ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ፕላዝማን ለሚወድ ሰው ግን ሁለቱን ማጣመር የተሻለ ይመስለናል። በ2022 ይፋ በሆነው ሥራ፣ ስዊዘርላንድ በሚገኘው ቲሲቪ ቶካማክ (ፕላዝማን በማግኔት የሚይዝ ማሽን) አንድ ኒውራል ኔትወርክ 19 የማግኔት ጥቅልሎችን በሰከንድ 10,000 ጊዜ እያዘዘ ፕላዝማውን ቅርጽ አስይዟል። ሥልጠናው በሲሙሌተር ስለነበር፣ ኔትወርኩ ፕላዝማውን ሲሙሌተሩ በደንብ ወደማይገልጸው የሁኔታ አካባቢ እንዳያስገባ በሥልጠናው ነጥብ እየቀነሱ መቅጣት አስፈልጓል። ያ አካባቢ የት እንደሆነ የሚለየው የፕላዝማ ፊዚክስ ባለሙያ ነው።