8 ወር ከመስሚያ መሣሪያዬ ጋር፦ ስለ ፉጨቱ

መጀመሪያ የሰማችው የልጅ ልጄ ናት። ቡና እየጠጣን ሳለ «እማማ፣ ጆሮሽ ያፏጫል» አለችኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ቀጭን ድምፅ ከራቀኝ ቆይቷል፤ መሣሪያውን የገዛሁትም ለዚሁ ነው። አፈርኩና ድምፁን ቀነስኩት። ፉጨቱ ቆመ። የቤቱ ጨዋታም አብሮ ጠፋኝ። እንዲሁ 2 ወር አለፈ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

መሣሪያው ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል ነው። ድምፁ በቀጭን ቱቦ አልፎ፣ በጆሮዬ ልክ በተሠራው መሰኪያ፣ ሞልድ በሚሉት በኩል ይገባል። ክፍተት ካገኘ ግን አፈትልኮ ይወጣና ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል። መሣሪያው ያንኑ እንደገና ያጎላዋል። ፉጨቱ ይኼ ነው።

የእኔ የመጀመሪያው ጣጣ ድምፁን ወደ ውጭ የሚመልስ ኩክ ነበር። በጥጥ ስጎረጉር ወደ ውስጥ ገፍቼው ኖሯል። ክሊኒክ ሄጄ ወጣልኝና ሰላም አገኘሁ።

በ6ኛው ወር እንደገና ጀመረ። መሣሪያውን ሳላጠፋ ከጆሮዬ አወጣሁና የሞልዱን ቀዳዳ በአውራ ጣቴ ደፈንኩ። ልጅቷን «ስሚልኝ እስቲ» አልኳት። «አሁንም ያፏጫል» አለች። ቢቆም ኖሮ ሞልዱ ጆሮዬ ላይ አልገጠመም ማለት ነበር። ካልቆመ ችግሩ ከዕቃው ነው። ቱቦውን መስኮት ጋ ወስጄ ጎበጥ አድርጌ አየሁት። ቢጫ ሆኗል፣ ደርቋል፣ ጫፉ ላይ የፀጉር ያህል ተሰንጥቋል። ለካ ቱቦ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ መቀየር አለበት! የሸጡልኝ ሰዎች አንድም ቀን አልነገሩኝም። ይኼ በጣም አሳዝኖኛል። ተቀየረ፣ ፉጨቱም ጸጥ አለ። ድምፁን ወደ ቦታው መለስኩት።

ሞልዱን ከመሣሪያው ነቅዬ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥባለሁ፤ ሌሊቱን ይደርቃል። መሣሪያው ራሱ ውኃ አይነካውም። የሐዋሳ ሙቀት ሲበረታ ላቡ ቱቦው ውስጥ ጠብታ ይሠራና ድምፁን ይቆራርጠዋል፤ ያኔም ነቅዬ አራግፈዋለሁ።

መሣሪያውን እወደዋለሁ፣ አልቀይረውም። የምትገዙ ግን ትርፍ ቱቦ ሳትይዙ እንዳትወጡ።

አሁን የሚያፏጨው ገብርኤል ለቅዳሴ ሄጄ ነጠላዬን ጠበቅ አድርጌ ስከናነብ ነው። ጨርቁ ድምፁን ወደ ማይክሮፎኑ ስለሚመልሰው ላላ አደርገዋለሁ። ልጅቷ አንገቴ ላይ ስትጠመጠምም ያፏጫል። ያኔ ያፏጭ፣ አልነካውም።