የአሜሪካ የውጭ ወኪሎች መዝገብ፦ የሎቢ ወሬን ማጣሪያ

«እገሌ ለሎቢ (የአሜሪካ ባለሥልጣናትን ለሚያግባቡ ቅጥረኞች) ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ከፈለ» የሚል ወሬ ፌስቡክ ላይ ሲዞር ያላየ የለም። አንዳንዱ እውነት ነው፣ አንዳንዱ ፈጠራ። የሚያሳዝነኝ ማጣሪያው በእጃችን እያለ የሚከፍተው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ፋራ ዶት ጎቭ (fara.gov) ግቡ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ነው፤ ነጻ ነው፣ አካውንት ክፈቱም አይላችሁም።

ምዝገባውን የሚያስገድደው ሕግ፣ ፋራ የሚባለው፣ የወጣው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው፤ የናዚ ፕሮፓጋንዳ አሜሪካ ውስጥ በስውር መሰራጨቱ ስላሳሰባቸው። ሎቢን አይከለክልም። ለውጭ መንግሥት ተቀጥረህ ፖለቲካ የምትሠራ ከሆነ ግን በ10 ቀን ውስጥ ተመዝገብ፣ ውልህንና የተከፈለህን አሳይ ይላል።

የአገር ስም ስትመርጡ የተመዘገቡት ድርጅቶች ይዘረዘራሉ። እኔ ቀድሜ የማየው «ኤግዚቢት ኤቢ» የሚለውን ፋይል ነው፣ ውሉ ያለው እዚያ ነውና። ለምሳሌ በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር እያለች፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ኤስጂአር የተባለውን የዋሽንግተን ድርጅት በወር 150,000 ዶላር ቀጥሮ ነበር። በጊዜው ምንዛሬ ከ3 ሚሊዮን ብር በላይ ማለት ነው፣ በየወሩ! ግብር ከፋዩ ይህን ያወቀው ከራሱ መንግሥት አይደለም፤ የአሜሪካ ሕግ ስላስገደደ ነው። ግብፅም በኖቬምበር 2020፣ ባይደን ምርጫ ባሸነፈ ሰሞን፣ ብራውንስታይን ከሚባለው ድርጅት ጋር በወር 65,000 ዶላር ተዋውላለች። የሕዳሴው ግድብ ድርድር የተካረረበት ጊዜ እንደነበር አስታውሱ።

ከውሉ ይልቅ ትልቁ ሀብት ያለው በየ6 ወሩ በሚገባው ሪፖርት ውስጥ ነው። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ለየትኛው የምክር ቤት ቢሮ ደወለ ወይም ኢሜይል ላከ፣ በሰንጠረዥ ተቀምጧል። ትንሽ ካነበባችሁ የምታስተውሉት ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚነጋገሩት ከእንደራሴው ጋር ሳይሆን ከውጭ ጉዳይ አማካሪው ጋር ነው። ለእንደራሴያቸው አቤት ማለት ለሚፈልጉ አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፣ ደብዳቤው በመጀመሪያ የሚነበበው በማን ጠረጴዛ ላይ እንደሆነ ያሳያልና።

ድክመቱም ቀላል አይደለም። የድሮ ሰነዶች ስካን ስለሆኑ ለማንበብ ዓይን ያደክማሉ። የውይይቱ ርዕስ «የሁለትዮሽ ግንኙነት» ተብሎ ይታለፋል፣ ምን እንደተባለ አታውቁም። ሪፖርቱ እስኪገባ ደግሞ ነገሩ ያለቀለት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የባሰው ግን መዝገቡ የሚያሳየው የተመዘገበን ብቻ መሆኑ ነው። የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረው ቦብ ሜኔንዴዝ ለግብፅ ጥቅም ሠርቷል ተብሎ በ2024 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛ ተባለ፣ በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ 11 ዓመት ተፈረደበት። ቤቱ የተገኘው ጥሬ ገንዘብና የወርቅ ጡብ ነው። ክሱ ውስጥ ስለ ግድባችን ድርድር ለሁለት የአሜሪካ ሚኒስትሮች የጻፈው ደብዳቤ ሳይቀር ተጠቅሷል። እንዲህ ያለውን የሚያወጣው ዓቃቤ ሕግ እንጂ ድረ ገጽ አይደለም። ለዚህ ነው በፌብሩዋሪ 2025 በጊዜው የአሜሪካ ዋና ዓቃቤ ሕግ የነበሩት ፓም ቦንዲ በዚህ ሕግ የሚመሠረት የወንጀል ክስ ከስለላ ጋር በሚመሳሰል ድርጊት ብቻ እንዲወሰን ማዘዛቸው ያናደደኝ። እስከ 5 ዓመት እስር ያለው ሕግ ካልተፈራ ማን ይመዘገባል?

በበኩሌ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንድ ማሳሰቢያ፦ አሜሪካ የተቋቋሙ የዳያስፖራ ማኅበራት በራሳቸው መዋጮ ሎቢስት ሲቀጥሩ በአብዛኛው የሚመዘገበው እዚህ ሳይሆን በምክር ቤቱና በሴኔቱ የሎቢ መዝገብ ነው። እዚህ ፈልጋችሁ ስላጣችሁ «ደብቀዋል» ብላችሁ አትለጥፉ።