ስቴምቫይዘር፦ ትንሹንም ፓርቲ የሚያሳይ የምርጫ ድረ ገጽ

ኔዘርላንድ ለምትኖሩና ለምትመርጡ ሁሉ ስቴምቫይዘርን ከልቤ እመክራለሁ። በነጻ ነው። 30 ሐሳቦች ያቀርብላችኋል፤ መስማማት አለመስማማታችሁን ስትነግሩት የሚቀርባችሁን ፓርቲ ያሳያል።

እኔን ኤስኼፔ ጋር ወሰደኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1918 የተመሠረተው የጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ፓርቲ። ከ150 የፓርላማ ወንበር ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው 2 ወይም 3 ነው፤ በ2023ም 3 አገኘ። እንደ ኡርክ ከተማ ባሉ ቦታዎች ደጋፊዎቹ ንቅንቅ አይሉም። ደግሞም እዚህ አገር 0.67 በመቶ ድምፅ አንድ ወንበር ያስገኛል።

እሑድ ይከበር ማለታቸው ልቤን ነክቶታል። ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ ሴት ዕጩ አይፈቅዱም ነበር። ሴት ነኝ፣ ይሄን ማለፍ አልቻልኩም።

ስቴምቫይዘርን ከሁሉ የወደድኩለት የየፓርቲውን ማብራሪያ በራሱ በፓርቲው ቃል ማስነበቡን ነው። እሱን ሳትዘሉ አንብቡት።