ማስጠንቀቂያ፦ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ተብላችሁ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ከማስወረዳችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ለአንድ ብልሽት ሁለት ጊዜ ከከፈልኩ በኋላ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ብልሽቱን ጨርሶ እንዳልነካው ስለተረዳሁ ነው። ጋራዡን በስም አልጠራም። የምፈልገው በሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት) የሚሠራ ፍሪሲዮን፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኝና የሚያላቅቅ ክፍል፣ ያለው መኪና የምትነዱ ሁሉ እኔ ገንዘቤን ያጣሁበትን መንገድ አስቀድማችሁ እንድታውቁት ነው።

አንድ ማለዳ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ልል ሆኖ እስከ ወለሉ ወረደ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሹ ያለ ችግር ይገባል፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን አንደኛ ማርሽ እምቢ ይላል፣ የኋላ ማርሽም እየጮኸ ነው የሚገባው። ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሜ ስረግጠው ለጊዜው ይጠነክርና ማርሹ ይታዘዛል። መካኒኩ አንድ ጊዜ ረግጦ ካየ በኋላ ሸራው (በፍሪሲዮኑ ውስጥ እየተፋተገ የሚይዘው ዲስክ) ማለቁን፣ ካምቢዮው ወርዶ ሸራው፣ መጫኛ ዲስኩና ኩሽኔታው አንድ ላይ መቀየር እንዳለባቸው ነገረኝ። የፍሪሲዮኑን ዘይት መያዣ ክዳን እንኳ አልከፈተም ነበር፤ እኔም ባለማወቅ ፈቀድኩ።

ፔዳሉ ሲደጋገም መጠንከሩ ብቻውን ምርመራውን ወደ ሌላ ቦታ ሊመራው ይገባ ነበር። ፔዳሉ ሲረገጥ ከላይ ያለው ማስተር የሚባለው ሲሊንደር ፍሪሲዮኑም የሚሠራበትን የፍሬን ዘይት በቱቦ ወደ ታችኛው ሲሊንደር ይገፋል፤ የዚያ ሲሊንደር ፒስተንም ፍሪሲዮኑን ከሞተሩ ያላቅቀዋል። ዘይት በቀላሉ ስለማይታመቅ የእግር ጉልበት ሳይጓደል ይደርሳል፤ በመሥመሩ ውስጥ አየር ከገባ ግን የፔዳሉ ጉዞ አየሩን በማመቅ ያልቅና ፍሪሲዮኑ በሚገባ ሳይለቅ ይቀራል። ሸራው ያለቀ መኪና የሚያሳየው ምልክት ከዚህ ይለያል፦ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይፈጥንም፣ በተለይ ዳገት ላይ ይሰንፋል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። በአጭሩ አየር የገባበት ፍሪሲዮን አይለቅም፤ ሸራው ያለቀ ፍሪሲዮን አይዝም። ይህን ልዩነት አንድ ሰው ቀደም ብሎ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ገንዘቤ በኪሴ ይቀር ነበር።

ብዙ ሰው የሚሸወድበት ዋናው ነጥብ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። መኪናዬን ስረከብ ፔዳሉ እንደ አዲስ ነበርና ሥራው ትክክል መሰለኝ። በእኔ መኪና ላይ ግን ካምቢዮው ሲወርድ ቱቦው ተፈትቶ ስለነበር፣ ሁሉም ነገር ተመልሶ ሲገጠም አዲስ ዘይት ተጨምሮ አየሩ እንዲወጣ ተደርጓል። ፔዳሉን ያስተካከለው አየሩ መውጣቱ እንጂ አዲሱ ሸራ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ፔዳሉ እንደገና ወረደ።

ሌላ መካኒክ ዘንድ ስሄድ የታችኛውን ሲሊንደር አቧራ መከላከያ ጎማ ገለጥ ሲያደርገው ዘይቱ ፈሰሰ። ውስጡ ያለው ጎሚኒ (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ) ተበልቶ ኖሯል። ሲሊንደሩ ተቀይሮ አየሩ እስኪወጣ አንድ ሰዓት አልፈጀም። አሮጌውን ሸራ ጠይቄ ወስጄው ስለነበር አሳየሁት፤ ከሪቬቶቹ በላይ ገና ብዙ ውፍረት ነበረው።

«ሸራው ስላለቀ ዘይቱ ቀነሰ» የሚላችሁ ካለ አትቀበሉት። በተለመደው አሠራር ሸራው ሲሳሳ የታችኛው ሲሊንደር ፒስተን ወደ ኋላ ስለሚገፋ፣ ዘይቱ ወደ መያዣው ይመለሳል እንጂ አይጎድልም። በብዙ መኪኖች ፍሪሲዮኑና ፍሬኑ አንድ መያዣ ስለሚጋሩ የፍሬን ሸራ ማለቅ መጠኑን ቀስ በቀስ ሊያሳንሰው ይችላል፤ በድንገት የጎደለ ዘይት ግን የሆነ ቦታ ፈስሷል። ስለዚህ ከፔዳሉ በላይ ማስተሩ የሚገባበት ቦታና ከስሩ ያለው ምንጣፍ፣ ቱቦው በሙሉ፣ የታችኛው ሲሊንደርም እርጥበት እንዳለባቸው እናንተ ቆማችሁ ይታዩ።

አየር ማስወጣቱም ቢሆን በጥንቃቄ ካልተሠራ ገንዘብ ማባከን ነው። መያዣው ይሞላል፤ በማስወጫ ቡሎኑ ላይ ግልጽ ቱቦ ተገጥሞ ጫፉ ዘይት ባለበት ዕቃ ውስጥ ይጠልቃል፤ አንዱ ሰው ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ቡሎኑን ጥቂት ይከፍታል፣ ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊትም ይዘጋዋል፤ አለዚያ የወጣው አየር ተመልሶ ይሳባል። በመካከል መያዣው ከጎደለ ሥራው ከመጀመሪያ ይጀመራል። የሚጨመረው በክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ካልተከፈተ ዕቃ የወጣ ይሁን፤ ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። የፍሬን ዘይት በሚጠይቅ መሥመር ውስጥ የሞተር ዘይት የሚያስገባ ሰው ካያችሁ አስቁሙት፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ከፍሪሲዮኑ አልፎ፣ መያዣው የጋራ ከሆነ፣ ፍሬኑንም ያበላሻል።

የሚፈስሰው ሳይገኝ በየወሩ አየር እያስወጣ የሚያስከፍላችሁም ቢሆን ከመጀመሪያው ጋራዥ የሚለየው በክፍያው መጠን ብቻ ነው።

ለእውነት ስል አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በአንዳንድ መኪኖች የታችኛው ሲሊንደር ከካምቢዮው ዘንግ ዙሪያ፣ በሽፋኑ ውስጥ ስለሚቀመጥ እሱን ለመቀየር ካምቢዮው የግድ ይወርዳል፤ ሸራውም ብዙ ያገለገለ ከሆነ አብሮ ይቀየር መባሉ ተገቢ ምክር ነው። እናንተ የምትጠይቁት ሲሊንደሩ ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥ፣ ዘይቱ የፈሰሰውስ ከየት ነው የሚለውን ነው፤ መልሱም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይሰጣችሁ። የእኔ ደረሰኝ «ፍሪሲዮን ተሠራ» ከማለት ሌላ ምንም ስለማይል፣ ያን ጋራዥ ተመልሼ ስጠይቀው የተሰጠኝ መልስ ፍሪሲዮኑ መሠራቱን ደረሰኙ ራሱ ይመሰክራል የሚል ነበር።