በኪሴ ይዣት የምዞረው የክንድ መለኪያ ሜትር

ሕፃናት የምግብ እጥረት እንዳለባቸው የምንለይባት ባለ ሦስት ቀለም ሜትር አለች። እኛ ነርሶች «ሙአክ» እንላታለን። 9 ዓመት በኪሴ ይዣት ዞሬያለሁ። እወዳታለሁ። ግን የሚያንገበግበኝ ነገርም አለ።

አጠቃቀሟ ቀላል ነው። ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ ትሆናለች። የግራ ክንዱን ዘና አድርጎ ሲያወርድ፣ በትከሻና በክርን መሃል ትጠመጥሟታላችሁ። ከ115 ሚሊ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ከ125 ጀምሮ አረንጓዴ። መሃሉ ቢጫ። ሚዛን የለ፣ መብራት የለ። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ቀለሙን አይታ ትለያለች። ያሠለጠንኳት አንዲት እናት የራሷን ልጅ ከለካች በኋላ የጎረቤቶቿንም ለክታ፣ ሁለት «ቢጫ» ልጆች ከነእናቶቻቸው ይዛልኝ መጥታለች።

እንከን አላት። ጠበቅ ካደረጓት ደህናውን ልጅ ቢጫ ታደርገዋለች፤ ከላላች ደግሞ የተጎዳውን ታሳልፋለች። እግሩ ያበጠ ልጅ ሲመጣማ አረንጓዴዋን አትመኑ። ሁለቱንም እግሮች በአውራ ጣት ጫን አድርጉ፤ ጎድጉዶ ከቀረ ቶሎ ወደ ሕክምና ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን የሷ ጥፋት አይደለም። ከተማ ስሠራ 113 የለካሁት ልጅ ነበር። እናቱ ወዲያው በለውዝ የተሠራውን አልሚ ምግብ ተቀብላ ሄደች። አንዷ ፓኬት 92 ግራም ናት፣ 500 ካሎሪ ትሰጣለች። በውሃ መበጥበጥ ስለማያስፈልግ ቤት ውስጥ መመገብ ይቻላል። በ8 ሳምንት አረንጓዴ ገባልኝ።

ከዚያ ወደ ሩቅ ገጠር ተዛወርኩ። እዚያ 112 ለካሁ። እናቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ልጁን አዝላ 4 ሰዓት በእግሯ ተጉዛ መጥታለች። የራሷንም ክንድ በእናቶች ሜትር ለካሁት፤ 20 ሴንቲ ሜትር። ነፍሰ ጡር ክንዷ ከዚህ ካነሰ ተጎድታለች የሚባልበት ልክ እንደየአገሩ ከ21 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በየትኛውም ብትለካ እሷም ተጎድታለች። አልሚ ምግቡ ደግሞ ካለቀ ሰንብቷል። «ይቅርታ እህቴ፣ በሁለት ሳምንት ተመለሺ» አልኳት። ስትመለስ 108 ሆኗል። የምግብ ፍላጎቱም ጠፍቷል። ሪፈር ጻፍኩለት። ሆስፒታሉ ደግሞ ከእኛም ይርቃል።

ሁለቱን ልጆች የለካሁት በአንድ ዓይነት ሜትር ነው። ሪፖርት ላይ ሁለቱም «ቀይ» ተብለው ይደመራሉ። አማካዩ ሲወጣ የዚያች እናት 4 ሰዓት የትም አይታይም።

ሜትሯን የምታከፋፍሉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ፓኬቱ መኖሩን አረጋግጡ። እኔ አሁን በሜትሯ ጀርባ ላይ፣ ቀይ ሲታይ የት እንደሚኬድና ምግቡ የሚገኝበትን ቀን እጽፋለሁ። ማንበብ ለማትችለዋ እናት ቀኑን ሦስቴ አስደግማታለሁ።