ሰፈሩ ወደ 30 ሲወርድ፦ የአንድ ሰርቪስ ሾፌር ግምገማ

የተማሪዎች ሰርቪስ ነው የምነዳው። ጠዋት ልጆች እየለቀምኩ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ከሰዓት ደግሞ በየቤታቸው አወርዳለሁ። የምውልበት ሰፈር የውስጥ መንገዶች የፍጥነት ወሰን በቅርቡ ከ50 ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወርዷል። ሰው የገዛውን ስልክና ጫማ ይገመግማል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምጠቀመው ይህንን ስለሆነ እሱኑ ልገምግም።

ባጭሩ ቁጥሩ ልክ ነው። አሠራሩ ግን አንዳንድ ቦታ እጅ የሚያስነሳ፣ አንዳንድ ቦታ የይድረስ ይድረስ ነው።

በ50 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይበላል። ሾፌሩ አይቶ፣ ደንግጦ፣ እግሩን ከነዳጅ አንስቶ ፍሬን እስኪረግጥ ቢያንስ ያቺ አንድ ሰከንድ ታልፋለች። በ30 የሚሄደው ግን አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ደህና ከሆነ በ13 ሜትር አካባቢ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዱ በቆመበት ቦታ ላይ ሌላው ገና በሙሉ 50 እየመጣ ነው ማለት ነው። ፍሬን መያዝ እንኳ አልጀመረም።

አሁን አንድ ልጅ ከሰርቪስ ሲወርድ አስቡት። ረዳቷ እጁን ካልያዘችው በመኪናዬ አፍንጫ ዞሮ ውልቅ ነው። ሁሉም እንደዚያ ናቸው፣ ስንቴ ብትነግራቸው። የሰባት ዓመት ልጅ በመኪናዬ ተከልሎ አናቱ እንኳ አይታይም። ከኋላዬ ደርቦ የሚመጣው ሾፌር የሚያየው ልጁ ከመኪናዬ ጫፍ ብቅ ሲል ነው። የቀረው ሁሉ በዚያች 13 ሜትር ውስጥ ያልቃል።

"ጊዜ ይበላል" የሚል ቅሬታ እሰማለሁ። እስቲ እናስላው። ከዋናው መንገድ እስከ መጨረሻው ቤት 600 ሜትር ነው ብንል፣ ምንም ሳይቆሙ በ50 ሲነዱት 43 ሰከንድ፣ በ30 ደግሞ 72 ሰከንድ ይፈጃል። ልዩነቱ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። አንዲት ልጅ የውሃ ኮዳዋን ከወንበር ሥር እስክታገኝ ከዚያ በላይ ቆመን እንጠብቃለን። ደግሞስ በየማዕዘኑ እየቆመ 50 የሚደርስ ማነው?

ሰሌዳዎቹ ላይ ብዙ አልቆይም። ንጹሕ ናቸው፣ በማታም ያበራሉ። አንዱን ብቻ ከዛፍ ቅርንጫፍ ጀርባ ተክለውታል፣ የሚያየው ወፍ ነው። ሰሌዳ ብቻውን ምንም አይሠራም የሚሉ አሉ፤ እዚህ ላይ አልስማማም። ዌልስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ሰው የሚኖርባቸውን መንገዶች ወደ 20 ማይል፣ ማለትም ወደ 32 ኪሎ ሜትር ስታወርድ በአብዛኛው የተለወጠው ሰሌዳው ነበር። ሕዝቡ አጉረመረመ፣ ከ450 ሺህ በላይ የተቃውሞ ፊርማ ተሰበሰበ፣ አንዳንድ መንገዶችም ወደ ቀድሞው እንዲመለሱ ተፈቀደ። በነዚያ መንገዶች ላይ የሚሞተውና የሚጎዳው ሰው ግን በአንድ ዓመት ውስጥ በሩብ ያህል ቀነሰ። ሾፌሮች በብዛት 20 ማይል ላይ ስለወረዱም አይደለም፤ አማካዩ ትንሽ ነው የቀነሰው። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ግምት አለ፦ አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲወርድ ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ትንሽ ቀነስ ማለት ብዙ ያድናል።

ሐሳቡም ትናንት የተፈለሰፈ አይደለም። የኦስትሪያዋ ግራዝ እ.ኤ.አ. በ1992 ከዋና ዋና መንገዶቿ በቀር ከተማውን በሙሉ 30 አድርጋዋለች።

ወደ ሰፈራችን ልመለስና ስለ ስክሪኑ ላውራ። መግቢያው ላይ የመጪውን መኪና ፍጥነት የሚያሳይ ሰሌዳ ተክለዋል። ከ30 በታች ከሆንክ አረንጓዴ ፊት ይስቅልሃል፣ ካለፍክ ቀይ ፊት ይኮሳተራል። ልጆቹ አብደውለታል። ገና ከሩቅ ሲያዩት "ጋሼ፣ ቀስ! ቀስ!" ይጀምራሉ፣ ሲስቅልን ደግሞ መኪናው በጩኸት ይሞላል። አንድ የቤት መኪና ቀድሞን ሲሄድ ቀዩ ፊት ከመጣበት "እሰይ፣ ተቆጣው!" ነው። እንዲህ ዓይነት ተቆጣጣሪ ከኋላ የጫነ ሾፌር መቼም አይፈጥንም።

ችግሩ ማታ ነው። ሞተር ሳይክል የያዙ ጎረምሶች ስክሪኑን የውድድር ሰዓት አድርገውታል። አንዱ 70 ያስጽፋል፣ ሌላው 80 ሊያስጽፍ ዞሮ ይመጣል። ደህና የሚባሉት ስክሪኖች ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ቁጥሩን ይደብቁና "ቀስ በል" ብቻ ይላሉ። የኛው የመጣለትን ሁሉ ይጽፋል። ማስተካከያው ውስጡ ያለ ይመስለኛል፣ የሚነካው ሰው ነው የጠፋው። ሌላው ደግሞ ሾፌሩ ስክሪኑ ፊት ፍሬን ይይዝና ካለፈው በኋላ ነዳጁን ይሰጣል። ቀኑን ሙሉ ከኋላቸው ስለምሄድ አየዋለሁ።

ቀጥሎ ጉብታዎቹ። የሰፈሩ ሰው ብሬከር ይላቸዋል። እዚህ ላይ ሁለት ዓለም ነው ያለው።

የመጀመሪያው መንገድ ላይ ያሉት የአስፋልት ናቸው። ረዘም ብለው፣ ቀስ ብለው የሚነሱ፣ ቀስ ብለው የሚወርዱ። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ ርዝመቱ 3.7 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከ10 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ነው። የኛዎቹም ለዚያ የቀረቡ ናቸው። በሁለተኛ ማርሽ፣ በ25 ስትወጣባቸው መኪናው እፍ ብሎ ተነስቶ እፍ ብሎ ይወርዳል። የተኛ ልጅ አይነቃም። በ50 ከመጣህ ግን ጣራ ትነካለህ። ጉብታ ማለት ይህ ነው፤ ቀስ ላለው ለስላሳ፣ ለቸኮለው መራራ። ርቀታቸውም ተመጣጥኗል፤ አንዱን አልፈህ ፍጥነት ሳትሰበስብ ሌላው ይመጣል።

ሁለተኛው መንገድ ላይ ግን ቢጫና ጥቁር የጎማ ጉብታ በብሎን አስረው ሄደዋል። ይህ የመኪና ማቆሚያ ግቢ ዕቃ ነው። አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ በ15 ብትሄድም ጓ! ያደርግሃል። የሚገርመው ግን ፈጥነህ ከመጣህ ድንጋጤውን የመኪናው ጎማና ሞላ ይውጡታል፣ ቀስ ካልከው ያነሰ ይሰማሃል። ሕግ አክባሪው ይቀጣል፣ በራሪው ያልፋል። በተለይ ከመኪናው የኋላ ጎማዎች በስተኋላ ያለው የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይዘላል። የፊተኛው ወንበር ላይ ያለ ሰው አይገባውም። ያስገጠሙት ሰዎች ምን መኪና እንደሚነዱ ባላውቅም፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው እንዳላዩት ግን እርግጠኛ ነኝ። አሁን የአንዱ ጉብታ ብሎኖች ረግበው ተነቃቅለዋል፤ የቀረው ብሎን ጫፉን አስፋልት ላይ አሹሎ የመኪና ጎማ ይጠብቃል። ጎሚስታው ቢደሰት አይገርመኝም። ባለሞተሮቹ ደግሞ ጎማው ጠርዝ ድረስ ስላልደረሰ በዳር በኩል ሹልክ ይላሉ፣ እዚያ ዳር ላይ ነው እግረኛው የሚሄደው።

ከሁሉ የወደድኩት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለውን ከፍ ያለ ዜብራ ነው። መሻገሪያውን ከእግረኛ መንገዱ እኩል አንስተውታል። ልጆች ወደ አስፋልት አይወርዱም፤ መኪናው ነው ወደ እነሱ የሚወጣው። ቁመታቸውም ያችን ያህል ስለሚጨምር ከሩቅ ይታያሉ። ማዕዘኑንም ጠበብ አድርገውታል፣ ስለዚህ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መኪና ሰፋ አድርጎ ገስግሶ መታጠፍ አይችልም፣ መሪውን ጠምዝዞ መቀነስ ግድ ይለዋል። ሰሌዳ ያላነበበ ሾፌር እንኳ እዚያ ይቀንሳል። በዝናብ ጊዜ ከጎኑ ውሃ ይቋጥራል፣ ቦዩን ዘግተውበታል መሰለኝ። እሱ ቢስተካከል እንከን አላወጣለትም።

ስለዚህ ለሰፈሩ በሙሉ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። የተቀነሰው አንድ ተኩል የጎማዎቹ ነው። መንገዳችሁ ተራ ደርሶት ሊሠራ ከሆነ፣ ጉብታው ሳይተከል ርዝመቱን ጠይቁ፤ ከፍታውን ሁሉም ይነግራችኋል፣ ርዝመቱን የሚነግራችሁ ካገኛችሁ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ጎማዎቹ ተነቅለው በአስፋልት ይቀየሩ ብለን ከወላጆች ጋር ማመልከቻ አስገብተናል። "በጀት ሲለቀቅ" ተብለናል። እስከዚያው የመጨረሻውን ወንበር ለደብተር ቦርሳ ለቅቄዋለሁ፤ ልጆቹን ወደፊት ጠጋ ጠጋ አድርጌ እጭናቸዋለሁ።